የሳል ፍቺ

የያዙኝ ልፈርም በሄድኩበት ነው። የጥገኝነት ጥያቄዬ እስኪወሰን፣ ለንደን ውስጥ ክሮይደን ያለው የኢሚግሬሽን ቢሮ በየሁለት ሳምንቱ እየሄድኩ ፈርሜ በትራም እመለስ ነበር። የዚያን ቀን ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ስክሪኗን ቼክ አድርጋ፣ ቀና ሳትል፣ "እዚያ ጋ ተቀመጥ" አለችኝ። ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዎች መጥተው ስልኬን ተቀበሉኝ። አገሬ ላይ በፖለቲካ ሁለት ጊዜ ታስሬያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የወሰዱኝ እየሰደቡ ነው። እነዚህ "ፕሊዝ" እያሉ ቫን ውስጥ አስገቡኝ።

ያስገቡኝ የስደተኛ ማቆያ ክፍል ከኤርፖርቱ አጥር ብዙም አይርቅም። ሁለት አልጋ፣ በመጋረጃ የተከለለ ሽንት ቤት፣ የማይከፈት መስኮት። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ድምፁ ይገባል፣ አየሩ አይገባም። ውስጡ የወለል ማጽጃና የሰው ትንፋሽ ይሸታል።

በአንደኛው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ኤርትራዊ ናቸው። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ አማርኛቸው የአባቴን ጓደኞች የሚያስታውሰኝ፣ ጥርት ያለ። ሼፈርድስ ቡሽ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዘመናቸውን ሙሉ ሲያበስሉ ኖረዋል፤ ወረቀታቸው ግን አንድም ቀን አልተስተካከለም።

"አስመራ የእኛ አይደለህም ይለኛል፤ አዲስ አበባም የእኛ አይደለህም ይለኛል" አሉኝ። "እንግሊዝ ደግሞ ለአንዱ ሊያስረክበኝ ይፈልጋል።"

ይህን ተናግረው እስኪጨርሱ ሳል አቋረጣቸው።

"ክሊኒኩ ሄደው አሳዩት?"

"ሄጄ ሳል ነው አልኳቸው። ፓራሲታሞልና ውሃ። ደግሜ ሄድኩ። ፓራሲታሞልና ውሃ።"

ከግቢው ላይብረሪ ያመጡት አሮጌ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበራቸው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ዓይናቸው አልችል ብሎ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ። እንግሊዝኛ በማንበብ አልታማም፤ ስናገር ነው የሚጠፋብኝ። ከባድ ከባድ ቃል የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር።

"የለም፣ የማውቀውን ፈልግልኝ" አሉ። "ወንበር ምን ይላል?"

"አንድ ሰው የሚቀመጥበት፣ መደገፊያ ያለው፣ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ዕቃ።"

የእኛ ወንበር በብሎን ከወለሉ ጋር ታስሯል። አይተውት ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠባቸው።

"በርስ?"

"ተከፍቶ ወደ ቤት የሚያስገባ።"

"መውጫ አይልም?"

እስከ መጨረሻው አነበብኩት። "አይልም።"

"እንግዲህ ይኸው ነው" ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እንዲህ እያነበብን ሰነበትን። ዳቦ፣ ማንኪያ፣ ዝናብ። ሕፃን የሚያውቀውን ነገር መጽሐፉ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ያወሳስበዋል። እሳቸው ግን ደስ ይላቸው ነበር፤ ቀኑም ይገፋል።

አንድ ቀን ለምሳ ሰዓት የእስረኛ ቆጠራ በሩ እንደተቆለፈ ሳሉ ተነሳባቸው። እንደሌላው ጊዜ አላባራም። በሁለት እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ጨብጠው አጎነበሱ፤ ከንፈራቸው አመድ መሰለ። የግድግዳውን ደወል ተጫንኩ።

"ኢመርጀንሲ ነው?" አለ ከደወሉ ድምፅ ማጉያ የአንድ ኦፊሰር ድምፅ።

ድንጋጤው እንግሊዝኛዬን ጠራርጎ ወሰደው። የቀረችኝ አንዲት ቃል ናት። "ሳል" አልኩት። "ሳል፣ ሳል!"

"ውሃ ስጠው። ቆጠራው ሲያልቅ ሰው ይመጣል።"

በሩን ደበደብኩ። ማንም አልመጣም። ሽማግሌው አየር ሲስቡ እንደ ተበሳ ቱቦ ያፏጫሉ። መዝገበ ቃላቱን አንስቼ ቃሉን ፈለግሁ፤ ገጹ በእጄ ተቀደደ። ደወሉን እንደገና ተጫንኩ።

"የሳንባ ኮንቨልሽን"፣ መንዘፍዘፍ እንደማለት፣ ይላል መጀመሪያው። ከዚያ በኋላ ደረትን ስለሚያናውጥ ግፊትና ስለሚታፈን ትንፋሽ የሚያወራ ረጅም ዓረፍተ ነገር አለ። ግማሹ አልገባኝም። ክፍል ፊት እንደቆምኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል አነበብኩለት።



"ኮንቨልሽን ነው ያልከው?"

"የስ።"

የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። በሩ ተከፈተና ነርሷ ኦክስጅን ይዛ ገባች፤ ኋላዋ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ኦፊሰር ነበር፤ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ። ሆስፒታል የሚሄድ ሁሉ ይታሰራል። ሽማግሌው ማስኩ ፊታቸው ላይ እንዳለ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ወደ ጫማቸው አመለከቱ።

"ጊዜ የለንም" አለ ኦፊሰሩ።

እግራቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። ነርሷ እጇን ዘርግታ ኦፊሰሩን አስቆመችው። ተንበርክኬ ጫማቸውን አደረግኩላቸው፣ ማሰሪያውን አሰርኩ፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፍኩ። ማስኩን ትንሽ ገለጥ አድርገው፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር" አሉ። ከዚያ ማንም ሳይነካቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለካቴናው ሰጡ።

የሳንባ ምች ነበር። ሆስፒታል እንደተኙ ዳኛ ለቀቃቸው፤ እኔም ቆይቼ በዋስ ወጣሁ። ዛሬ እዚያው ለንደን፣ ስትሪትሃም እኖራለሁ። እየደወልኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ናቸው።

አገሬ ላይ ታስሬ ሳለ አንድ ጓደኛችን በትኩሳት ሲቃጠል አብረን በር ደብድበናል። ጠባቂው የምንለው ሁሉ ይገባው ነበር፤ ቋንቋችን አንድ ነው። ሰምቶ ዝም አለን። የለንደኑ ሰውዬ የሮጠው ያላሰበውን ቃል ሲሰማ ነው። የትኛው ይብሳል? ብቻ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲስል ስሰማ፣ ሌላው ሁሉ ስልኩን ሲያይ፣ እኔ ዞር ብዬ ፊቱን አየዋለሁ።