«ተረጋግጧል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በባለቤቴ ላይ ክፉ መናገሬን ተናዝዣለሁ። ይህን ግን አልተናዘዝኩም። ሁለት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ትንሽ ኃጢአት ፈልጌ በእሱ ቦታ ተናገርኩ። ባለቤቴ ሳያውቀው አረፈ። ልጆቼም አያውቁም። አሁን ለእናንተ የምነግራችሁ ደፍሬ እንዳይመስላችሁ። ፊታችሁን ስለማላየው ብቻ ነው።

አንዲት ሴት ከተወለዱበት ቦታ እንዲነቀሉ አድርጌያለሁ። ለአንዲት ሕፃን ሞት ምክንያት ሆኛለሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት በአንድ ቃል ነው። ቃሉን ጨምሪ ያለኝ ሰው የለም። እኔው ራሴ ጨመርኩት።

ጊዜው የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ባለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነው። መጀመሪያ የምጽፈው በታይፕ ነበር፤ በኋላ የሱቁ ባለቤት ኮምፒውተር ከነማተሚያው ገዝተው አስገቡ። በሰፈራችን የመጀመሪያው ነበር። ሰው ከመንገድ ቆሞ በመስኮት ያየው ነበር። ማተሚያው እየጮኸ ወረቀቱን መስመር በመስመር ሲያወጣ፣ የሚጠብቁት ሰዎች እንደ ቅዳሴ ጸጥ ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ጡረተኛ ለቀበሌ የሚያስገቡትን ማመልከቻ በእጃቸው አሳምረው ጽፈው አመጡ። ምንም ሳልለውጥ ገልብጬ አተምኩላቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና «አሁን ይሰሙኛል» አሉ። እኮ የራሳቸው ቃል ነው! አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም። ግን እሳቸውም ቀበሌውም በእጅ የተጻፈውንና ከማሽኑ የወጣውን በእኩል ዓይን አያዩትም ነበር። እኔ ይህን አየሁ። አይቼም ወደድኩት። ሰው የሚያከብረው ማሽኑን ይሁን እኔን መለየት አቃተኝ፤ ለመለየትም አልፈለግሁም።

የምኖረው ከጓደኛዬ ከወርቅነሽ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተን ነው። ወርቅነሽ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ፌቨን የምትባል፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለቻት። ስሜ አስካለ ነው፤ ፌቨን ግን መጥራት ስለማይሆንላት «አካ» ትለኝ ነበር። ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ሆና «አካ! አካ!» እያለች እጇን ትዘረጋለች። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማንን እንደጎዳሁ እንድታውቁ ነው።

ለግቢያችን ወተት የሚያመጡልን አዴ ሎሚ ነበሩ። ከቁልቁለቱ በታች ወንዙ ዳር የሚኖሩ፣ ከተማው ሳይመጣባቸው በፊት ጀምሮ ቤተሰባቸው እዚያው ያርስ የነበረ ሴት ናቸው። አራት ላሞች ነበሯቸው። ጠዋት ጠዋት ጀሪካናቸውን ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። «ኢንተለ ኮ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ታይፎይድ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ ሳልጠይቃቸው ወተት እየያዙ መጥተው ራስጌዬ ተቀምጠዋል። ቂም ነበረኝ ብል እንኳ አንድ ነገር ነበር። ምንም አልነበረኝም።

ያን ክረምት በሰፈሩ ልጆች መታመም ጀመሩ። ተቅማጥና ትውከት ነው። ዛሬ ከዚህ ቤት፣ ነገ ከዚያ ቤት ልጅ ታቅፎ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሮጥ አይጠፋም። እናቶች ፈሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ ጎረቤታችን ወደ ሱቁ መጡ።

«አስካለ፣ የልጆቹ በሽታ ከአዴ ሎሚ ወተት ነው አሉ። ላሞቹ የሚጠጡት የፋብሪካ ፍሳሽ ነው። እስቲ ሰው እንዲጠነቀቅ አንድ ማስታወቂያ ነገር ጻፊልን።»

ማን አለ? ይህችን ሁለት ቃል አልጠየቅሁም። ማን አለ፣ በምን አወቀ፣ ወተቱን ያልጠጡት ልጆችስ ለምን ታመሙ? ከታመሙት ውስጥ ቢያንስ የሁለቱ እናቶች ከአዴ ሎሚ ወተት ገዝተው እንደማያውቁ አውቅ ነበር። እያወቅሁ አላሰብኩትም። እጄ ፊደሎቹ ላይ ነበር፤ ለመጻፍ ቸኩዬ ነበር።

ወይዘሮ ዘነበች ያስጻፉኝ «ከወንዙ ዳር የሚመጣው ወተት ልጆችን እያሳመመ ነው ተብሏል» የሚል ነበር። ጻፍኩት። ስክሪኑ ላይ ሳየው «ተብሏል» የምትለው ቃል ደካማ ሆና ታየችኝ። ለእንዲህ ያለ ማሽን የማትመጥን፣ የመንደር ወሬ የምትመስል። አጠፋኋት። በቦታዋ «በላቦራቶሪ ምርመራ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። ከላይ በትልቁ «ማሳሰቢያ» አልኩ፤ ዙሪያውን ክፈፍ ሠራሁለት፤ ከታች «ከጤና ባለሙያዎች» ብዬ ጨረስኩ። አንድም የጤና ባለሙያ አላየሁም። አንድም ላቦራቶሪ ደጅ አልረገጥኩም።

ወይዘሮ ዘነበች አንብበው ቀና አሉ። «ተመርምሯል እንዴ?»

እዚህ ጋ መመለስ እችል ነበር። እግዚአብሔር የከፈተልኝ በር ነበር፤ በገዛ እጄ ዘጋሁት። «እትዬ፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው» አልኳቸው።

እሳቸውም አመኑ። ወሬውን ይዘው የመጡት ሴት፣ ወሬያቸውን እኔ አስጊጬ ስመልስላቸው እውነት ሆኖ ታያቸው። በነጋታው ከሰፈሩ ባለሱቅ ደጃፍ ቆመው «ላቦራቶሪ አረጋግጧል» ሲሉ በጆሮዬ ሰማኋቸው። ወረቀቱ ሃያ ቅጂ ወጥቶ የመብራት ምሰሶው፣ የሱቁ በርና የቀበሌው አጥር ላይ ተለጠፈ። ሰው ቆሞ ያነባል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ ይሄዳል። ማን ጻፈው ብሎ የጠየቀ አላየሁም። ኮራሁ። ይህንንም ልናገረው፦ እኔ በዚያን ቀን ኮርቼ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አዴ ሎሚ ወደ ሱቁ መጡ። ጀሪካናቸው እንደሞላ ነው። ከምሰሶው ላይ የገነጠሉትን ወረቀት በእጃቸው ይዘዋል።

«ኢንተለ ኮ፣ ሰው ሁሉ ይሄን እያየ ወተቴን እምቢ አለ። እኔ ማንበብ አላውቅም። አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። የጻፍኩትን ራሴ፣ ድምፄ ሳይሰበር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። አዴ ሎሚ አዳመጡና እንዲህ አሉኝ፦

«ከእኔ በረት ማንም ወተት አልወሰደም። ታዲያ ምኑን ነው የመረመሩት? ማነው የጻፈው?»

አያችሁ? የተማረው ሰፈር በሙሉ ያልጠየቀውን፣ ፊደል ያልቆጠሩት ሴት ጠየቁት። እኔ ምን አልኩ? «አላውቅም እናቴ። ኮምፒውተር ነው» አልኩ። ኮምፒውተሩን አየት አደረጉት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና ጀሪካናቸውን አንሥተው ወጡ።

በዚያው ቀን ማታ ወርቅነሽ ወደ ክፍሌ መጣች። ፌቨንን ታቅፋታለች፤ ልጅቷ ደህና ናት፤ ትስቃለች። «አስኩ፣ አንቺ ወረቀት በሚታተምበት ቤት ነሽና ታውቂያለሽ። የወተቱ ነገር እውነት ነው?» አለችኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከራሴ የጨመርኩት ነው ማለት ነበረብኝ። ጓደኛዬ ናት። ቢበዛ ትቆጣኝ ነበር፤ ቢበዛ በሰፈሩ አፍር ነበር። እኔ ግን «ተረጋግጧል ነው የሚለው» አልኩ።

ወርቅነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአዴ ሎሚን ወተት አቆመች። ያን ወተት ሁልጊዜ አፍልታ ነበር የምትሰጣት። አሁን የቆርቆሮ ዱቄት ወተት ገዛች፤ ሁላችንም ከምንቀዳበት ቦኖ በቀዳችው ውኃ፣ ሳታፈላው እየበጠበጠች ታጠጣት ጀመር። ውኃው በማንም አልተጠረጠረም። ለምን ይጠርጠር? ጥፋተኛው በወረቀት ተጽፎ ምሰሶ ላይ ተለጥፏል።

ፌቨን በሳምንቱ ታመመች። አንድ ቀን ሙሉ ስታስመልስ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ዓይኗ ጎደጎደ። ሐኪም ቤት ይዘናት ስንሮጥ ታክሲ ውስጥ ጭንቅላቷ ክንዴ ላይ ነበር። ስሜን አልጠራችም፤ ድምፅ አልነበራትም። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ለቅሶው ላይ ከወርቅነሽ ጎን ተቀምጬ ወገቧን ደግፌ ነበር። አዴ ሎሚ ከሰዎች ጋር ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ ነው የገቡት። ሴቶቹ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ቦታ ከለከሏቸው። ወርቅነሽ ከእጄ ወጥታ ተነሣች፦

«ልጄን በልተሽ ደግሞ ልታለቅሺልኝ መጣሽ?»

  የአዴ ሎሚ ዓይን ከሰው ሁሉ መሐል እኔን ፈለገ፤ ምናልባት ወረቀቱን ያነበብኩላቸው እኔ ስለሆንኩ አንድ ነገር እላለሁ ብለው ይሆናል። እኔ ግን ወርቅነሽን ጎትቼ አስቀመጥኳት፤ አዴ ሎሚ ወጡ። በዚያች ደቂቃ መሬት ለምን አልተከፈተችልኝም?

ብዙም ሳይቆይ ሁለት የጤና ሠራተኞች መጥተው ከቦኖው ውኃ ቀድተው ሄዱ። ተመልሰው መጥተው ቦኖውን ዘጉት። ቧንቧው ከመሬት ሥር ተሰብሮ የሽንት ቤት ፍሳሽ እየገባበት ነበር። ከሠራተኞቹ አንዷ ምሰሶው ላይ የቀረውን ወረቀት አንብባ «ይሄን ማነው የጻፈው? ወተት የመረመረ እኮ የለም!» ብላ ዙሪያዋን አየች። ከቆሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። ባልዲዬን አንሥቼ ሄድኩ።

ቦኖው ሲጠገን የልጆቹ በሽታ ቆመ። ግን የጤና ሠራተኞቹ በአፍ ነበር የተናገሩት፤ የእኔ ደግሞ የታተመ ነበር። ሰው «ውኃውም ነበረበት፣ ወተቱም ነበረበት» ብሎ ሁለቱንም ይዞ ቀረ። ወደ አዴ ሎሚ ወተት የተመለሰ የለም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሱቁ ባዶ ሲሆን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። «ስለ ወተት የተለጠፈው ማስታወቂያ ሐሰት ነው። ማንም አልመረመረም። የጻፍኩት እኔ አስካለ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ስሜን አየሁት።  ስሜን አጠፋሁት። ያለ ስም ሲታይ ልክ እንደ መጀመሪያው፣ ባለቤት የሌለው ወረቀት ሆነ። ቀሪውንም አጠፋሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ከዲስኩ ላይ ፈልጌ እሱንም አጠፋሁ፤ ማስረጃ እንዳይኖር። አያችሁ፣ ያኔ እንኳ ያሰብኩት ለራሴ ነው።

አዴ ሎሚ ላሞቻቸውን አንድ በአንድ ሸጡ። የመጨረሻዋን ነጋዴው ሲነዳት በሱቁ መስኮት አየሁ። ከዚያ ወደ ሰበታ፣ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። ከዓመታት በኋላ እዚያው እንዳረፉ ሰማሁ። ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ እያልኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ! የሰበታ ታክሲ ላይ ተሳፍሬ ግማሽ መንገድ ላይ የወረድኩበትም ቀን አለ።

አሁን ልጆቼ ከስልካቸው ወሬ ሲያነቡልኝ «ማን አለ? ማን አየ?» እላለሁ። «እማዬ ዝም ብላ አታምንም፤ ጠንቃቃ ናት» ብለው ያመሰግኑኛል። ምስጋናውን እቀበላለሁ። ያን ጥያቄ ያስተማሩኝ አዴ ሎሚ መሆናቸውን ግን አልነገርኳቸውም። ከእሳቸው ይህንንም ወሰድኩ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ዘመኑ ነው፣ ማሽኑ አዲስ ነበር አልልም። ማሽኑ የሰጡትን ነው የጻፈው፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ የምለምናት አንዲት ሰው ብቻ ቀርታለች፤ እሷንም አልለመንኳትም።

ባለፈው ነሐሴ እንደ ሁልጊዜው የፌቨንን ቀን ለማሰብ ወርቅነሽ ቤት ሄድኩ። ሁለታችንም አርጅተናል። ፎቶዋን አውጥታ ካየች በኋላ እንደ ሁልጊዜው አዴ ሎሚን ረገመቻቸው። እኔም «በቃ ወርቄ፣ ሞተዋል እኮ፤ ይቅር በያቸው» አልኳት። ምንም ያልበደሏትን ሴት ይቅር በያቸው አልኳት።

ወርቅነሽ ዓይኗን ጠረገችና እጄን ያዘችኝ። «አስኩ፣ አንቺ እኮ ልብሽ ደግ ነው» አለችኝ።

እጄን አልነጠቅኳትም።