የገጣሚዋ ባል

አገር ቤት ሳለ ግጥሞቹ ጋዜጣ ላይ ይወጡ ነበር። ተሰዶ አውቶቡስ ነጂ ከሆነም በኋላ ያገሩ ልጆች «ገጣሚው» እያሉ ነበር የሚጠሩት። ሚስቱ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። አዲስ ግጥም ሲያነብላት «ጥሩ ነው» ትለዋለች፤ በቃ።

ቋንቋ የምትማርበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ አንድ ቀን «እዚህ ስለመጣችሁበት መንገድ ጻፉ» አለቻቸው። እሷ በባዕዱ ቋንቋ ግጥም ጻፈች። ግጥሙ መጽሔት ላይ ወጣና ቤተ መጻሕፍት ቀርባ እንድታነብ ተጋበዘች።

«እንግዲህ የገጣሚዋ ባል ሆንክልን» አለው የሥራ ባልደረባው። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ቤት ሲገባ ወጡ ጨው አነሰው። «ግጥም ስትጽፊ ጨው ረሳሽ?» አላት። ጨው አቀረበችለት።

የንባቡ ቀን ከኋላ ተቀመጠ። ስለ ጀልባው አነበበች፤ ማዕበሉ ታናሽ ወንድሟን ከእጇ እንዴት እንደነጠቃት። ቀድሟት ለተሰደደው ባሏ የነገረችው ግን ወንድሟ በትኩሳት እንደሞተ ነበር። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አለቀሱ። እሱ እንባ አልመጣለትም፤ በሴትዮዋ እንባ ቀና።

ሲወጡ፣ ፌርማታው ላይ፣ «ለእኔ የደበቅሽውን ለማያውቁሽ ሰዎች ታድያለሽ?» አላት።

«በነሱ ቋንቋ እጅ ስል የማንም እጅ ነው» አለችው። «በኛ ስለው የወንድሜ ይሆንብኛል። ደግሞ ለአንተ ብነግርህ ግጥም ታደርገው ነበር።»

እውነቷን ነው። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የመጀመሪያው ስንኝ መጥቶለት ነበርና።

ያን ስንኝ አልጻፈውም። እሷ ማንበቧን ቀጠለች፤ እሱም ሥራ በማይኖረው ቀን ያደርሳታል። ሲያጨበጭቡላት ዛሬም ይቀናል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚያጨበጭበው ግን እሱ ነው።

አንድ እሁድ ሸሚዙን እየተኮሰች፣ ቀና ሳትል፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ «ጉጉት ነበር የምንለው፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አያውቅም ነበር» አለች።

ማንን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ስለ ወንድሟ መሆኑ ገብቶታል። ሌላ ትጨምር እንደሆነ ጠበቀ። እሷ ግን ኮሌታውን ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች።