አዙርልኝ ያልኩት ነፋስ

የመጀመሪያ ልጄ በንግድ መርከብ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ከሐዋሳ ሐይቅ ሌላ ሰፊ ውኃ አይቼ አላውቅም ነበር።

ያኔ የምንኖረው አዲስ ከተማ ነው። ጎረቤቴ ከስልጤ የመጣች ባለሱቅ ነበረች። ጅዳ ሠርታ ስለነበር ዐረብኛ ትሰማለች፤ በሱቋ ቴሌቪዥን የምታየውም የዐረብ ጣቢያ ነው። ሴት ልጇ ኦማን፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ሰው ቤት ትሠራ ነበር።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ጠራችኝ።

«ነይማ እታለም፣ ባሕሩ ላይ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቷል ይላሉ።»

ልጄ ወደ ጅቡቲ እየተመለሱ መሆናቸውን ነግሮኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም።

የትናንሾቹን ልጆች የትምህርት ቤት ካርታ አምጥቼ ባንኮኒው ላይ ዘረጋን። ነፋሱን አደንጓሬ፣ መርከቡን ምስር አደረግናቸው። እሷ ዜናውን እየሰማች አደንጓሬዋን ትገፋለች። ጠዋት ወደ ሶማሊያ ነው ይላሉ፣ ከሰዓት ወደ የመን።

«እንደ ወሬኛ ሴት አንድ ቤት አይቀመጥም» አለች።

በማግስቱ ማልጄ ገብርኤል ሄድኩ። «ከልጄ አዙርልኝ» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ስመለስ አደንጓሬዋ ከምስሯ ርቃለች።

«ዞረ! ተመስገን!»

ጎረቤቴ ጣቷን ከአደንጓሬዋ ፊት፣ ኦማን ላይ አሳረፈች።

«ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው?»

«አዙርልኝ ብዬ።»

«አዙረሽ ለእኔ ልጅ ላክሽው?» ሳቀች፤ ዐይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «በታኅሣሥ የምታወሪልኝ ገብርኤል እሳቱን አበረደው እንጂ ወደ ጎረቤት አዞረው ብለሽኛል እንዴ?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የሶላት ሰዓት ሲደርስ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ሰገደች። እኔ ሱቁን ጠበቅሁ። ስኳር እየመዘንኩ፣ ሳሙና እየሸጥኩ፣ በልቤ «አብርድልን» አልኩ። «ልን» ስል ደረቴ ቀለል አለኝ።

ነፋሱ መሬት ሳይደርስ ባሕሩ ላይ ደከመ። መጀመሪያ የደወለችው የእሷ ልጅ ናት። ዝናቡ ያጠበችውን ልብስ እንዳበሰበሰባት እያማረረች ነበር፤ እናቷ ግን ያንን ምሬት እንደ ምሥራች ሰማችው። ሆኖም እልል አላለችም። የእኔ ልጅ እስኪደውል አብራኝ ጠበቀች።

ከጅቡቲ ደወለ። «እማዬ፣ ትንሽ ወዝውዞናል» አለኝ። ያቺን «ትንሽ» እስከ ዛሬ አላመንኳትም። ጎረቤቴ እልልታዋን ያን ጊዜ ለቀቀችው፤ አደንጓሬዋንም አንሥታ ወደ ጆንያው ወረወረቻት።

አሁን ሱቁ የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሟል። እሷም ልጆቿን ተከትላ ከከተማው ወጥታለች። ናፍቆቷ የሚመጣብኝ ስጸልይ ነው፤ አንደበቴ «ልኝ» ሊል ሲል ሳቋን እሰማና «ልን» እላለሁ።

ያቺን አደንጓሬ ገዝቶ የበላት ማን ይሆን? ማንም ይሁን፣ ጤና ይስጠው።