ዳገት ላይ ያልቆመችው ላንድሮቨር

ባለፈው ሳምንት ኢተያ ለቅሶ ሄጄ ነበር። የሞተው ሁሴን ነው፤ በወጣትነቴ አሰላ ውስጥ የማውቀው ሾፌር። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ከማያውቁት ሰው ጋር ጨዋታ መጀመር የሚወዱ ነበሩና ሻዬን ሳልጨርስ ጠጋ ብለው "ደግ ሰው ነበር" አሉኝ። "ብቻ በልጅነቱ መኪና በቤንዚን አፍኖ አንዲት ነፍሰ ጡር መንገድ ላይ ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም።"

"እንዲያ ነው?" አልኳቸው፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው። ሰባን ካለፍኩ በኋላም ውሸት እንዲህ ሳይቸግረኝ ከአፌ መውጣቱ ይገርመኛል።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ከመውረዳቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በክረምት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አሰላ ውስጥ በጋሽ ታፈሰ ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። ጋሽ ታፈሰ ሙያውን ከጣሊያኖች የተማሩ፣ ቁጡ፣ እጃቸው ግን ወርቅ የሆነ ሰው ነበሩ። የአሰላ ክረምት ቀልድ አያውቅም። የጭላሎ ተራራ ለሳምንታት ደመና ውስጥ ይደበቃል፤ ዝናቡ የጋራዡን ቆርቆሮ ሲደበድበው ለመነጋገር መጮህ ነበረብን። ምሳ ከማዶ የሚመጣልን ሽሮ ነበር። የቤንዚን ሽታ ከእጃችን ስለማይለቅ እንጀራውም ቤንዚን ቤንዚን ይለን ነበር፤ ለምደነው ነበር መሰለኝ ማንም አያማርርም።

ሐጂ አማን የሚባሉ የእህል ነጋዴ አንዲት ያረጀች ላንድሮቨር ነበረቻቸው። በዚያ ጭቃ ሮቤና ጮሌ ድረስ ዘልቃ የምትመለስ መኪና ከእሷ ሌላ እምብዛም አልነበረችም። ስለዚህ እህል ብቻ ሳይሆን በሽተኛም፣ ሙሽራም፣ አስከሬንም ትጭን ነበር። ሾፌሯ ሁሴን ነው። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ሳቂታ ልጅ። ከገጠር ሲመለስ ጩኮ ሳይዝልን አይመጣም ነበር፤ የገብሱ ዱቄት በቅቤ ርሶ ጣት ላይ የሚቀረው ነገር እስከ ዛሬ ምራቄን ያመጣዋል።

ላንድሮቨሯ ጥቁር ጭስ እየተፋች መንተባተብ ስትጀምር ሁሴን ወደ እኛ አመጣት። ካርቡሬተሯ ነበር። ጋሽ ታፈሰ በሳንባ ምች ተኝተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ካርቡሬተር ብቻዬን ፈትቼ ልገጥም ሆነ። ደስታዬን አልደብቅም፣ ጋሼ በመታመማቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

ፈታሁት፣ በቤንዚን አጠብኩት፣ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች በአየር ነፋኋቸው። እስከዚህ ድረስ እጄ አልሳተም። ከዚያ ግን ሮንዴላዋ መጣች። ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ጎድጓዳ አለች፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና መርፌዋን ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። ቤንዚኑ የት ላይ እንደሚቆም የምትወስነው ከመርፌዋ ቤት ሥር የምትገባ፣ እንደ ቀለበት ያለች የመዳብ ሮንዴላ ናት። አሮጌዋ ተሰንጥቃለች። አዲስ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው።

"አቦ ቶሎ በል" አለኝ ሁሴን። "ሩቂያ መውለጃዋ ደርሷል። ሐጂ ነገ ጮሌ ሄደህ አምጣት ብለውኛል።" ሩቂያ ጮሌ የተዳረችው የሐጂ አማን ልጅ ናት።

ከመዳብ ቆርቆሮ ቆርጬ ሮንዴላ ሠራሁ። ስስ ነበረች። ስስ መሆኗንም፣ ስስ ስትሆን ቤንዚኑ ከልኩ በላይ እንደሚሞላም አውቃለሁ። ትንሽ ነው፣ ምን ታመጣለች አልኩ።

የጋሽ ታፈሰ አንድ ሕግ ነበር። ካርቡሬተሯ የተነካ መኪና ዳገት ላይ ሳትቆም ከእጃቸው አትወጣም። ወደ ጭላሎ በሚወስደው መንገድ ይወጡና መሃል ዳገት ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ እንዳቀናች በእጅ ፍሬን ያቆሟታል። ሞተሩን ሳያጠፉ ሲጋራ ይለኩሳሉ። ሲጋራው እስኪያልቅ ሞተሩ ካልተንገዳገደ ለባለቤቱ ይሰጣሉ፤ ከተንገዳገደ ቤንዚኑ ከልኩ በላይ ሞልቶ ሞተሩን እያፈነው ነውና እንደገና ይፈታል። እኛ ከኋላቸው "ጋሼ ሲጋራ ማጨሻ ሰበብ አገኙ" እያልን እንስቅ ነበር።

ያን ቀን ዝናብ ነበር፣ ሁሴንም ቸኩሏል። ዳገቱን ትቼ የአዲስ አበባ መካኒኮች ሲያደርጉት ያየሁትን አደረግሁ። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ሞተሩ ይሠራል፣ ውሃው አይነቃነቅም። ከዝናብ የተጠለሉ ሰዎች ተሰብስበው "አቤት እጅ!" አሉ። ደረቴ ተነፋ።

ማታ ጋሽ ታፈሰን ልጠይቅ ሄድኩ። ትኩሳቱ ፊታቸውን አቅልቶታል።

"ዳገት ላይ አቆምካት?"

"አዎ ጋሼ፣ አቁሜያታለሁ።"

"ጎሽ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በሦስተኛው ቀን ሁሴን በእግሩ መጣ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና ለማንም ሳይሆን መናገር ጀመረ። ሩቂያ ምጡ ጠንቶባት ነበር። መንገዱን የሚያቋርጠውን ወንዝ በደህና ተሻግረው ከማዶው ዳገት መሃል ላይ መኪናዋ ቀጥ አለች። "ማኖቬላውን ከፊቷ ሰክቼ እንድትነሣ አዞርኩ፣ አዞርኩ። ቤንዚኑ በውጭ ይንጠባጠባል። ሩቂያ 'ሁሴን ደረስን?' ትለኛለች። 'ደርሰናል' እላታለሁ።" ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸከሟት። ዋናው መንገድ ሳይደርሱ ሞተች፤ ልጁም ከሆዷ አልወጣም።

እኔ ወዲያው ገብቶኛል። 'ቤንዚኑ ይንጠባጠባል' ካለበት ቃል ጀምሮ ገብቶኛል። እጄ የያዘውን ካቻቢቴ ሳስቀምጥ እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቄ ነበር።

መኪናዋን በበሬ አስጎትተው አወጧት። ከቀብር በኋላ ሐጂ አማን ራሳቸው ከሁሴን ጋር ይዘዋት መጡ። ጋሽ ታፈሰም ጋቢ ተከናንበው ከአልጋቸው ተነሡ።

"ኦቦ ታፈሰ" አሉ ሐጂ፣ "አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። መኪናዋ ናት ወይስ ሾፌሩ?"

ጋሽ ታፈሰ ሐጂን ውጭ አስቀምጠው ከእኔ ጋር ገቡ። ካርቡሬተሩን ፈቱ። ሮንዴላዬን ጣታቸው ጫፍ ላይ አድርገው ወደ ብርሃን አነሷትና አዩኝ። ከመደርደሪያው ሥር የአሮጌ ዕቃ ሣጥን ስበው ከወላለቀ ካርቡሬተር ላይ ልኩን ሮንዴላ አወጡና ገጠሙ። እዚያው ነበረች፣ ከቆምኩበት ሁለት እርምጃ። ለማየት ጎንበስ አላልኩም ነበር።

ከዚያ ወጡና "መኪናዋ ጤነኛ ናት። ሾፌሩ ነዳጅ ደጋግሞ ረግጦ አፍኗታል" አሉ።

ሁሴን በቆመበት ራሱን ያዘ። "ረግጫለሁ" አለ። "ወላሂ ረግጫለሁ። ደንግጬ ነበር።" ቆማ የቀረችን መኪና የማይረግጥ ሾፌር የለም፤ እሱ ግን አመነ። ሐጂ አልጮኹበትም። እጃቸውን ዘረጉ፣ ቁልፉን ሰጣቸው፣ ሄደ።

ሁሉም ሲበተን ጋሼን "ለምን?" አልኳቸው።

"እኔ የዋሸሁት ለጋራዡ ስም ነው" አሉኝ። "ለዚያም ፈጣሪ ይጠይቀኛል። አንተ ለምን ዝም አልክ?"

ፈርቼ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። በዓመቱ አብዮቱ መጣ፣ ጋሽ ታፈሰም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ሁሴን ኢተያ ገብቶ እህል ተሸካሚ ሆነ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ሁለት ጊዜ ገበያ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አቅፎ ስሞኝ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሽማግሌው አጠገብ ተነሥቼ ስወጣ የሁሴን ትልቋ ልጅ በሩ ላይ ሰው ትሸኝ ነበር። ወደ ጎን ጠርቼ ነገርኳት፤ ሮንዴላዋን፣ ዳገቱን፣ ውሸቴን፣ ሁሉንም። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"አባባ ሲሞት እንኳ 'ሩቂያ አፉ በይኝ' እያለ ይቅርታዋን እየለመነ ነው" አለች። ቀጥላ በእጇ ወደ ድንኳኑ አመለከተች። "ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ይግቡና ለሰው ይንገሩ።"

ድንኳኑን አየሁት፤ ሙሉ ነበር። "መኪና ያመልጠኛል" አልኳት። እኩለ ቀን ነው፤ ከኢተያ ወደ አሰላ መኪና ሞልቷል፣ እሷም ታውቃለች።

"እሺ፣ ይሂዱ" አለችኝ።

ቤቴ ስገባ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከነበሩት ስንቱ እንደሚያነበው አላውቅም። ምናልባት ብዙዎቹ አያነቡትም ብዬ ስላሰብኩ ይሆናል የደፈርኩት።