ድረ ገጻችንን የጠረጠርኩበት ዓመት

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። እናታችን «ይህቺ ልጅ የታቦት ደጅ ስትሳለምም ዞር ብላ ታያለች» ትላለች። ስለዚህ ታናሽ እህቴ ለእንግዳ ማረፊያችን ድረ ገጽ ከፍታ «ውጤቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው» ስትለኝ ደስ አላለኝም። ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ጭራሽ ላይመጣም ይችላል።

ማረፊያው ከአሮጌው የከተማ ግንብ መግቢያዎች አንዱ ከሆነው ፈላና በር ገባ ብሎ ያለው የአያታችን ቤት ነው። ጥቂት ክፍሎች፣ አንድ ግቢ፣ አንድ የሮማን ዛፍ። ድሬዳዋ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን ግን ዕቃ ማከማቻ የሚፈልግ ነጋዴ አግኝቷል። «እስከ ፋሲካ እንግዳ ካልለመደው ቤቱ ለሽንኩርት መጋዘን ይከራያል» ብሎ ቁርጡን ነገረን። ተወልጄ ባደግኩበት ክፍል ሽንኩርት ተቆልሎ ታየኝና አለቀስኩ።

እህቴ አልተጣደፈችም፤ ይህ ራሱ አጠራጠረኝ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ያገኘችው አንድ ሰው በሳምንት ውስጥ ብዙ ተከታይ ልሽጥልሽ ቢላት እምቢ አለችው። እሱን እኔም አላመንኩትም፤ ግን ጀርባዬን ስሰጥ ምን ተባብለው ይሆን አልኩ። ከዚያ በየሳምንቱ ገጹ ላይ መጻፍ ጀመረች። ምን ብላ? የሰፈራችንን ጉድ ሁሉ! ባጃጅ የሚቆምበትን፣ ሰው ቤት ሲገባ ጫማ የት እንደሚወልቅ፣ ዓርብ የትኛው ሱቅ እንደሚዘጋ።

«ይህን ሁሉ በነጻ ካወቁ እኛ ጋ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?» አልኳት።

«እቴቴ፣ ዛሬ መንገድ የጠየቀ ነገ ማደሪያ ይጠይቃል። ሶፊ ወረዳ ጫት የሚተክል ገበሬ በተከለ ማግሥት ቅጠል ይቆርጣል?»

የባሰው ደግሞ፣ የእኛ ክፍሎች ሲያዙ ወዴት መሄድ እንደሚቻል ስትጽፍ ከታች ያለውን የሌላ ሰው ማረፊያ ጠቀሰች። ለተፎካካሪው እንግዳ የሚልክ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ድርሻ አለው። እህቴ ሞኝ አይደለችም። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። «እሱም እኮ በገጹ የእኛን ጠቅሷል» ብላ አሳየችኝ፤ አይቼም ልቤ አልተቀበለውም።

እንግዳ ግን ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሲሄዱ ስለ እኛ የሚጽፉት አስተያየት ገጻችን ላይ ይታያል፤ ሁሉም ደግ ደጉን ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን አንዱ «ውሃው ቀዝቃዛ፣ ሴትዮዋ መርማሪ» ብሎ ጻፈብን፤ እንግዳ የምቀበለው እኔ ነኝ። እህቴ በትሕትና መለሰችለትና ተወችው። እናታችን ግን አላስቻላትም፤ ግድግዳ ለምንጋራቸው አዛውንት ጎረቤታችን ነገረቻቸው።

«ወላሂ፣ የእናንተ ስም ሲጠፋ ቁጭ ብለን አናይም!» አሉ።

እዚህ አገር ሰው ብቻውን ለቅሶ አይደርስም። የሳቸው አፎቻ፣ ማለትም የሰርግና የለቅሶ ማኅበራቸው፣ ከእናቴ እድር ጋር ተጠራርቶ አንድ ቅዳሜ ግቢያችንን ሞላው። ስልክ ያላት የራሷን፣ የሌላት የልጇን ይዛ፣ ሁሉም በእኛው ዋይፋይ ገብተው አንድ ሌሊት ላላደሩበት ቤት አምስት አምስት ኮከብ ሰጡ። ጎረቤታችን «አልጋው ማሻአላህ ነው» ብለው አስጻፉ፤ አልጋውን አይተውት አያውቁም። የዚያን ቀን ማንንም አልጠረጠርኩም፤ ፍቅራቸው አንጀቴን በላው።

በማግሥቱ እህቴ ገጹን ከፍታ ክው አለች። አስተያየት የሚሰበስበው ሥርዓት፣ ከአንድ ግቢ በአንድ ከሰዓት የጎረፈውን ምስጋና ሐሰት ነው ብሎ ጠርጎ ጥሎታል፤ የብዙዎቹ እውነተኛ እንግዶችም አብሮ ሄዷል። ለካ ከእኔ የባሰ ጠርጣሪ አለ! ሁዳዴም እየተጋመሰ ነበር። እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «ስንት የለፋሁበት!» እያለች ስትንሰቀሰቅ፣ ድርሻ አላት ብዬ ስሰልላት የከረምኩት እኔ መግቢያ ጠፋኝ።

የተረፉት ሁለት አስተያየቶች ነበሩ። አንዱ የዚያ ሰውዬ ነው። ሌላውን የጻፈችው ከደሴ ለሥራ መጥታ እኛ ጋ ያደረች ሴት ናት፦ «ባለቤቲቱ ማን እንደላከኝ ጠየቀች፤ ማን ሊጠይቀኝ እንደሚመጣ ጠየቀች፤ በሩን ቆልፋ ተመልሳ ፈተሸችው። ብቻዬን ስጓዝ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።»

እህቴ እንባዋን ጠርጋ ይህንኑ ከገጹ አናት ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በኋላ ስለ መንገዱ የምትጽፈውን ለብቻዋ ለምትጓዝ ሴት አድርጋ ጻፈች። ቀስ በቀስ መምህራን፣ ኦዲተሮች፣ የመድኃኒት ሻጮች፣ ሁሉም ሴቶች፣ መደወል ጀመሩ። ወንድማችን ለፋሲካ ሲመጣ ክፍል ስላልነበረ ሳሎን ተኛ። ስለ ሽንኩርት ትንፍሽ አላለም።

እኔ ግን አላረፍኩም። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ያንን የደሴዋን ነገር የጻፍሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አልኳት።

እህቴ አተኩራ አየችኝ። «እቴቴ፣ ስለ አንቺ ደግ ነገር ሲነገር እንኳ ማመን ያቅትሻል?»

በዚያው ሰሞን የማረፊያው ስልክ ጮኸና አነሳሁት። የወሎ ለዛ ያላት ሴት ናት፤ ክፍል ትፈልጋለች። ግን አስቀድማ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «ያቺ ሰው የማታምነዋ ሴትዮ አሁንም አለች?»

«አለች» አልኩ፤ የእንግዳ መዝገቡን እየገለጥኩ። «ማን ልበል?»