ለሰማያዊዎቹ ፍጡራን የፈሰሰው የሐጂ እንባ

ዛሬ አከራያችን ሐጂ ቴሌቪዥን ፊት እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ኮድቡር ሰፈር ባለው ግቢያቸው ውስጥ ጫት እየቃምን፣ ስለ ሌላ ፕላኔት የሚተርከውን ተከታታይ ፊልም እያየን ነበር። ሰማያዊ ቆዳ ያላቸውን ፍጡራን ጌቶቻቸው ከነልጆቻቸው ከቤት አስወጥተው በረሃ ጣሏቸው።

«ያ አላህ! እንዴት እንዲህ ይጨከናል?» አሉ፣ ጅግጅጋ ሲያድጉ በለመዱት አማርኛ።

እኔም አብሬ አለቀስኩ። ምርቃናው ነው መሰለኝ።

የዛሬው ክፍል ሲያልቅ እንባቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የእህቴ ልጅ ከለንደን እየመጣ ነው። እስከ ሐሙስ ቤቱን ልቀቅልኝ።»

«ሐጂ፣ ሚስቴ እኮ አራስ ናት!»

«አላህ ያግራላችሁ» ብለው ሪሞቱን አነሱ። የሰማያዊዎቹ መጨረሻ አሳስቧቸዋል።

የእናንተስ አከራይ ለማን ያለቅሳል? ሰማያዊ ቀለም ያላችሁም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አራሷንና ሕፃኑን ልቀባቸው ነው።