እናቴን የምጠራበት ድምፅ

ዛሬ እናቴን ቀበርን። በቋንቋዋ በአዊኛ አልቅሼ ልሸኛት አፌን ብከፍት ድምፁ እምቢ አለኝ።

አዊኛ ከጉሮሮ ተነስቶ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለው። እናቴ ከማሳው ማዶ ስትጣራ የምሰማው፣ ከሁሉ የምወደው ድምፅ ነበር። ዳንግላ ከተማ ትምህርት ቤት ስገባ አማርኛ ተናጋሪ ልጆች በድምፁ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ከሁሉ የምጠላው እሱ ሆነ፤ ድምፁንም ቋንቋውንም ተውኩት።

(የእንግሊዝኛ መምህራችን ያንኑ ድምፅ «ኪንግ» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ በአፍንጫ እያወጡ ሲያስጠኑን ግን ማንም አልሳቀም።)

መቃብሩ አፍ ላይ በአማርኛ ማልቀስ ጀመርኩ። አክስቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ተው ልጄ፣ እናትህ አማርኛ የምታውቀው ለገበያ ያህል ነው» አለችኝ።

አፈሩን ሲመልሱ ዝም ብዬ ቆምኩ።

እናንተስ ሰው ስቆባችሁ የተዋችሁት ድምፅ አለ? ጻፉልኝ። እናታችሁ በሕይወት ካለች ግን መጀመሪያ ደውሉና በሱ ጥሯት።